ያልተበላው እዝን

መስከረም 21 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከጣራ ገዳም ግርጌ

ይድረስ ለወንድሜ ለቄስ አስረስ፣

ጤናህን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤህ «ደህና ነኝ» ብሎ ጀምሮ «ደህና ነኝ» ብሎ ስለሚጨርስ፣ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ስለሚደግመው፣ ጥያቄውን ከአፌ ነጠቅኸኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ብቻ እንቢ ብሎኛል፤ ከጎጆዬ ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያኑ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ አርፋለሁ። ወጣቶቹ መነኮሳይያት «ደግፈን እንውሰድዎ» ሲሉኝ የተቀመጥሁት ለጸሎት ነው እላቸዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጨው ነጋዴው ሰዒድ የላክኸውን አደረሰልኝ። አህዮቹን ይፋግ ገበያ አራግፎ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ነው የመጣ። ጥቅሉን ስፈታው ዳዊትህ ከነማኅደሩ ወጣ። መቋሚያህንም በጨርቅ ጠቅልሎ ለብቻው ይዞት ነበር። «ለበረከት ይሁንልዎ» ብለህ ጽፈሃል። አስረስ፣ አባታችን ይህን ዳዊት ሲሰጡህ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ እኔ ዐሥራ አንድ። አንተ ስትተኛ እየሰረቅሁ ፊደል የለየሁበት ዳዊት ነው፤ አንድ ቀን ብትደርስብኝ ሦስት ቀን አኩርፈኸኛል። ስልሳ ዓመት ከትከሻህ ያልወረደውን ዛሬ ያለ ጠያቂ ስትሰጠኝ፣ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?

ሰዒድን ይዤ ጠየቅሁት። ከፍልሰታ ወዲህ እህል በቃኝ ብለሃል አሉ። አንድ ጭብጥ ሽምብራ በውኃ፣ እሱንም በሁለት ቀን አንዴ። ከጋሳይ ድረስ ሰው እየመጣ ጉልበትህን ይስማል፤ በዚህ በክፉ ዘመን ጻድቅ ተነሣልን እያለ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ስሰማ ደረቴ ነፋ ብሎ ነበር። ኋላ ግን ቀኑን ቆጠርሁ። ፍልሰታ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ተፈታ። ዛሬ መስከረም ሃያ አንድ ነው። እኔ መነኩሲት ነኝ፤ ጾም ሥራዬ ነው፤ መያዣ እንጂ መግደፊያ የሌለው ጾም አላውቅም። ያንተ መግደፊያ መቼ ነው?

ስለ ይርጋም አንድ ቃል የለም። ልጅህ ከአርበኞቹ ከእነ ሙላቴ ጋር ጫካ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በፊት ግን በየደብዳቤው ጥግ «ይርጋ ደህና ነው» ትለኝ ነበር። ወረቀቱን ሰዒድ በጨው አሞሌው መካከል ስለሚደብቀው ሳትፈራ ጻፍልኝ።

እኅትህ ውድነሽ



ጥቅምት 7 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከደብረ ታቦር በላይ

ለተከበሩ እኅቴ ለእማሆይ ውድነሽ፣

እታለም፣ እጅ ነሥቻለሁ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ቀለም መበጥበጥ ይደክመኛል።

ዳዊቱን የሰደድሁት ዓይኔ ስለ ፈዘዘ ነው። በቃሌም አውቀዋለሁና ምን ያደርግልኛል? መቋሚያም ቆሞ ለሚዘምር ነው። እኔ ከሐምሌ ወዲህ ማኅሌት አልቆምሁም።

መግደፊያውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ሰው ጻድቅ ቢለኝ ዝም አልሁ፤ መልስ መስጠቱም ያደክማል። እርስዎ ግን እንዲህ እንዳያስቡ። ስጸልይ ቃሉ በአፌ ውስጥ ገለባ ይሆንብኛል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ «ዛሬም ነጋ?» እላለሁ። ሌላ የሚያስደንቅ ነገር የለኝም።

ዘንድሮ ጥልያን ገብሱን ለበቅሎዎቹ ወስዶታል። በዚህ ቤት የይርጋ ሚስት አበበችና ሁለቱ ልጆች አሉ። አንድ የሽማግሌ አፍ ቢቀንስ ለእነሱ ይተርፋቸዋል። ይህን ስል እንዳይቆጡ፤ እውነቱን መናገሬ ነው። ሰው በቃው ሲባል በቃው ነው።

ይርጋ እንደ ሄደ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ስለ እኔ ምንም ወሬ ቢመጣ፣ በዚያ ጉልበትዎ መንገድ እንዳይወጡ።

ወንድምዎ አስረስ



ጥቅምት 21 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከጣራ ገዳም ግርጌ

ይድረስ ለቄስ አስረስ፣

ዛሬ አንቱ እልዎታለሁ። በዕድሜዬ አንቱ ያልሁህ አንድ ጊዜ ነው፣ ቅስና የተቀበልህ ዕለት። ያኔ በኩራት ነበር፤ ዛሬ በንዴት ነው። አንቱ ሰውዬ፣ እኅትዎ ሞኝ ትመስልዎታለች?

አይ፣ አልቻልሁም። አንተው ነህ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሰዒድን ጠርቼ «የምታውቀውን ሳትደብቅ ንገረኝ» አልሁት። ረመዳን ገብቶባቸዋልና ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ከደጄ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «እማሆይ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳልቀምስ አህያ እነዳለሁ። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስቴ ከድጃ ሾርባዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ለአባም ‹የእርስዎ ፀሐይ መቼ ነው የምትጠልቀው?› አልኋቸው። ሳቁ። ሳቃቸውን አልወደድሁትም።» አገር ሁሉ ጉልበትህን ሲስም፣ ጾምህ ጾም አለመሆኑን ያወቀው አንድ እስላም ነጋዴ ነው። ጨው ነጋዴ መሆኑም ደግ ሆነ፤ የጠፋውን ጣዕም ለየልን።

አሁን ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። በአፌ የምነግርህ ቢሆን ፊቴን አዞር ነበር።

ወደዚህ ገዳም የመጣሁ ጊዜ ሁላችሁም «ውድነሽ ለጽድቅ መነነች» አላችሁ። አንተም በየደረስህበት በኩራት ታወራው ነበር። እኔ የመጣሁት ልጄን ፈንጣጣ ከገደለብኝ በኋላ ሰው በማያየኝ ቦታ ለመሞት ነው። በጾም አሳበብሁ፤ ለመነኩሲት ማን ብዪ ይላታል? ሃያ ቀን ያህል እንደጾምሁ የያኔዋ እመ ምኔት ቁራሽ ዳቦ ይዘው ገቡና ከፊቴ ተቀመጡ። «ይህ ጾም ለማን ነው?» አሉኝ። ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ለእግዚአብሔር ከሆነ እሱ መግደፊያ ሰጥቶሻል። ለሞት ከሆነ ደግሞ ንገሪኝና አብረን እናልቅስ፤ ብቻ በእግዜር ስም አትነግጂ» አሉኝ። አለቀስሁ። በዚያ ቀን ዳቦውን አልበላሁትም። በማግስቱ ግማሹን በላሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋቱ ከብዶኝ ነበር፤ ግን እሳቸው በየጠዋቱ መጥተው «ዛሬስ?» ይሉኝ ነበር። አለሁ እንግዲህ። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ከወጣቶቹ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

እኔም እንደ እሳቸው እጠይቅሃለሁ፤ ዙሪያ አልሄድም። አስረስ፣ የምትጾመው ለመሞት ነው ወይ?

ኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ይገባል። ያኔ ሁሉም ይጾማል፤ ያንተን ከሰው ጾም የሚለይ አይኖርም። ከዚያ በፊት መልስልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እኅትህ ውድነሽ



ጥቅምት 29 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከደብረ ታቦር በላይ

እታለም፣

ሁለት ቀን ተቆጥቼ ቆየሁ። ሠላሳ ዓመት የኮራሁበትን ነገር በአንድ ገጽ ወሰዱብኝ። ከተቆጣሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ቁጣው ራሱ እንግዳ ሆነብኝ። ኋላ በረደና ጥያቄዎ ብቻ ቀረ።

አዎን። ለመሞት ነው።

ያለ ጩኸት፣ የማንንም በር ሳላንኳኳ፣ ዘይቱ እንዳለቀ መብራት ልጠፋ ነበር ያሰብሁት። ካህን ሆኜ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው።

ይርጋ ሞቷል።

የወደቀው ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ነው። ሙላቴ ራሱ ሸማኔ መስሎ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነገረኝ። የቀበሩትም እዚያው የወደቀበት ነው፣ ካህን ሳይኖር። አባቱ ካህን ሆኖ ልጁ ያለ ፍትሐት ተቀበረ። ሙላቴም «አበበች ከሰማች ትጮኻለች፤ ከጮኸች ወታደሩ ይሰማል፤ ቤቱን ከነልጆቹ ያቃጥሉታል» ብሎ መስቀሌን አስይዞ አስማለኝ። አምና ልጁ ጫካ የሞተበትን ጎረቤት ምን እንዳደረጉት አይቻለሁና ማልሁ።

እንግዲህ እታለም፣ በየቀኑ የሚሆነውን ልንገርዎ። አበበች ገበታ ስታቀርብ አስቀድማ የይርጋን ድርሻ ታነሣለች። እንጀራውን አጥፋ ከመሶቡ ጥግ ታደርገዋለች። «ድንገት ቢመጣ» ትላለች። ሳይመጣ ሲቀር በማግስቱ ለልጆቹ ትሰጥና አዲስ ታስቀምጣለች። ያንን ካስቀመጠች በኋላ በዚያው እጇ ለእኔ ታጎርሰኛለች። ባሏ መሞቱን በሆዴ ይዤ ከእጇ እንዴት ልጉረስ? መጀመሪያ በፍልሰታ አሳበብሁ። ፍልሰታ ሲፈታ ጉሮሮዬ አብሮ አልተፈታም። ኋላ ኋላ ረኃቡ ራሱ ማረፊያ ሆነኝ፤ ሲያደክመኝ ስለ ይርጋ ማሰብ አልችልም። ሰዎቹ መጥተው ጻድቅ ሲሉኝ «ተሳስታችኋል» ልል ይገባኝ ነበር። ጻድቅ መባል ግን ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ጻድቅን ብላ የሚለው የለም።

ተናገርሁ እንግዲህ። ከሐምሌ ወዲህ የልጄን ስም ከሞት ጋር አድርጌ የጻፍሁት ዛሬ ነው። ወረቀቱን ያቃጥሉት።

አስረስ



ኅዳር 6 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከጣራ ገዳም ግርጌ

አስረስ፣ ወንድሜ፣

ይርጋዬን! ልጅ ሆኖ ከአንተ ጋር ሊጠይቀኝ ሲመጣ ኮሽም ለቅሞ አፉን አጥቁሮ «አልበላሁም» ብሎ የማለልኝን ልጅ! ሰዒድ ፊት ጮኼ አለቀስሁ። እሱም ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፈነ። ወረቀቱን አቃጥያለሁ።

ስለ መለስህልኝ እግዜር ያክብርህ። «አዎን» ያልኸው ቃል ከባድ ነው፤ ግን ከሆድህ ወጥቶ እኔ ዘንድ ደርሷል፤ ከእንግዲህ እኔም ይዤዋለሁ። አሁን ስማኝ፤ ታላቅህ ነኝ።

ጥፋትህ አንድ ነው። መርዶ ለብቻህ ተሸከምህ። ከመቼ ወዲህ ነው መርዶ በአንድ ሰው ሆድ የሚያድር? እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ደጅ ቆሞ ነው። ለምን ይመስልሃል? ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚያነሣው እንዲኖር ነው። ከዚያ እዝን ይመጣል። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ከየቤቱ እህሉን ይዞ ይመጣና ሐዘንተኛውን በግድ ያጎርሰዋል። እንቢ ቢል እንኳ አይለቁትም። አንተ ግን ልጅህ ሞቶብህ እዝን አልበላህም። ጉሮሮህን የዘጋው ይህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል የሰማኸው ለዘፈን መስሎህ ነበር?

ልቅሶ ብንቀመጥ ወታደር ይመጣል ትላለህ። እውነትህን ነው። ስለዚህ ልቅሶው የእኔ ይሁን።

እማሆይ ውድነሽ ሞተች በሉ።

ሐሰት ነው እንዳትለኝ፣ ቄስ ነህ። የመነኮስሁ ዕለት እንደ ሬሳ አስተኝተው ፍትሐት ደግመውልኛል። ለዓለም ከሞትሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው። መርዶዬ ዘገየ እንጂ ውሸት የለበትም። መነኩሲት አክስት ሞታ ቤተ ሰብ ቢያለቅስ የሚከለክል ጥልያን አላየሁም።

የንስሐ አባትህን ቄስ ሞላን ጥራቸውና ሁሉንም ንገራቸው፤ የይርጋንም ያንተንም። ሁሉንም ነው ያልሁህ። ኅዳር ሚካኤል ባለፈ ማግስት፣ ዐሥራ ሦስት ቀን ማለዳ፣ እሳቸውና ጎረቤትህ እሸቴ መጥተው ለአበበች እውነቱን ይንገሯት። ለአገሩ ደግሞ የእኔን ይንገሩ። ሰዒድም ሚስቱን ከድጃን ከአበበች አጠገብ አስቀምጣታለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶኛል። እስከዚያ ድረስ እሸቴ አንተ ዘንድ ይደር። አትከራከር።

በደንብ አልቅሱልኝ።

እኅትህ ውድነሽ



ኅዳር 17 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከደብረ ታቦር በላይ

ለነፍስ ኄር እኅቴ ለእማሆይ ውድነሽ፣

እታለም፣ ሞተዋል። በደንብም ተለቅሶልዎታል።

ሁሉንም ለመጻፍ አቅም የለኝም፤ የጣቴም ጉልበት ገና ነው። ግን ይህን ሳልነግርዎ አላድርም።

ቄስ ሞላ ሁሉን ሰምተው አልተቆጡኝም። እጄን ያዙ። ከዚያ «አስረስ፣ እኔም ጉልበትህን የሳምሁ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ሳላይህ ነው የሳምሁህ» አሉ። በዕለቱም በማለዳ መጡ። አበበች በሩን ከፍታ ቄሱን፣ እሸቴን፣ ከድጃን አየች። ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ዞር ብላ እኔን ተመለከተችኝ። «አባባ፣ እርስዎም ያውቁ ኖሯል?» አለችኝ።

ታውቅ ኖሯል፣ እታለም። ከሐምሌ ጀምሮ። ያ ሙላቴ ለእኔ ከነገረኝ በሦስተኛው ቀን ገበያ ላይ አግኝቷት ነግሯታል፤ «ሽማግሌው ከሰሙ ይሞታሉና እንዳትነግሪ» ብሎ እሷንም አስምሏታል! ለሁለታችንም አዝኖ ሁለታችንንም ለየብቻ ዘጋብን። ድርሻውን በየቀኑ ታስቀምጥ የነበረው እኔ እንዳልጠረጥር ነው። እኔ ያንን ድርሻ እያየሁ እህል እንቢ አለኝ፤ እሷ ደግሞ እንቢ ማለቴን እያየች ጾም መስሏት፣ ጻድቅ አማት አለኝ እያለች ብቻዋን ወፍጮው ሥር ታለቅስ ነበር። በአንድ ጣራ ሥር አራት ወር! ሙላቴን ሳገኘው ልባርከው ወይስ በመቋሚያ ልበለው አላውቅም። መቋሚያውም እርስዎ ዘንድ ነው።

ከዚያ ጮኸች። እኔም ጮኽሁ። አገሩ ተሰበሰበ። የጥልያን ወታደሮችም ከአስተርጓሚያቸው ጋር መጡ። እሸቴ «የቄሱ እኅት፣ መነኩሲት ናት፣ ጣራ ገዳም ላይ ሞታ ነው» አላቸው። አስተርጓሚው ባርኔጣውን አወለቀና ሄዱ። በፍትሐቱ ላይ ግን ቄስ ሞላ የእርስዎን ሳይሆን የይርጋን የክርስትና ስም ጠሩ። ሰው ቀና አለ፤ እርስ በርሱ ተያየ፤ መልሶ አቀረቀረ። ከዚያ በኋላ የነበረው ልቅሶ ግን ለመነኩሲት የሚለቀስ አልነበረም። አልቃሿ በእርስዎ ትሩፋት ጀምራ በጎበዝ ጨረሰች። አበበች ለባሏ አክስት ፀጉሯን ተላጨች፤ ምነው ያላት የለም።

እዝኑም መጣ። ከድጃ ያልተነካ ዱቄትና ምስር በስልቻ አምጥታ «ዱቄት ሃይማኖት የለውም አባ፣ ጎረቤት ይጋግርልዎ» አለች፤ እሷ ራሷ ጾመኛ ሆና። የእሸቴም ሚስት ወጡን አቀረበች። ሁሉም በዙሪያዬ ቆመው ብላ አሉኝ። አልቻልሁም። ያኔ አበበች ተነሥታ ከመሶቡ ጥግ ያንን የታጠፈውን አመጣች። ትናንት ያስቀመጠችውን የይርጋን ድርሻ። ለሁለት ከፈለችው። «ይኸው እዝናችን። እኔም አልበላሁም» አለችኝ። እሷ አጎረሰችኝ፤ እኔም አጎረስኋት። የመጀመሪያው አስመለሰኝ። ሁለተኛው ወረደ።

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ አልተኛሁም።

ወንድምዎ አስረስ



ኅዳር 29 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከመቃብር፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ

ይድረስ ለወንድሜ ለአስረስ፣

ሙታን ደህና ናቸው፤ አንተስ?

ደብዳቤህን ይዤ እስቃለሁ፣ ደግሞ አለቅሳለሁ፤ ወጣቶቹ መነኮሳይያት አረጁ፣ ቀወሱ ሳይሉኝ አልቀሩም። «ሁለተኛው ወረደ» ያልኸውን ቦታ በጣቴ እየነካሁ አነበብሁት። እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን! ሌላ ቃል ቢኖረኝ እጨምር ነበር።

ሰዒድን የሙታን መልእክተኛ ብዬዋለሁ። በዒዳቸው የገዛውን አዲስ ጥምጣም አድርጎ መጣ። ማን እንዳለቀሰልኝ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ያቺ ከልጅነታችን ጀምሮ የማንዋደደው የአጎታችን ልጅ ደረቷን እየመታች አለቀሰች አሉ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ድሮ እሞትላት ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገር። ጾሙ ገብቷል። ቄስ ሞላ «በሽተኛና ሽማግሌ ነህ፣ እስከ ገና ድረስ ፈትቼሃለሁ» እንዳሉህ ሰዒድ ነግሮኛል። የንስሐ አባትህ የፈቱህን አንተ መልሰህ እንዳታስረው። በቀን ሁለቴ ብላ፤ አጥሚቱንም ጠጣ። ጻድቅ ፍለጋ የሚመጣውን ሰው እሸቴ ደጅ ላይ ይመልሰው።

ጠዋቱስ? ሸክሙ ባንድ እዝን አይወርድም፤ እኔ አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ከብዶ ይመጣል። ያን ቀን ደህና ነኝ እንዳትል። ለአበበች «ዛሬ ከብዶኛል» በላት፤ ይህን ያህል ብቻ። ሌላ ጥበብ የለውም። እኔም ከዚህ ሆኜ በየጠዋቱ «ዛሬስ?» እልሃለሁ፤ ባትሰማኝም ቁጠረው።

እኅትህ ውድነሽ



ታኅሣሥ 30 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከደብረ ታቦር በላይ

እታለም፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ፤ በሙታንም መካከል በዓሉ ከተከበረ።

ትናንት ገደፍሁ። እሸቴ በግ አርዶ ነበር። አበበች ገበታውን ስታቀርብ ወደ መሶቡ ጥግ አየሁ፤ ባዶ ነው። አየችኝና «ዛሬ ሁሉም መካከል ላይ ነው አባባ» አለችኝ። ልጆቹ ቀረቡ። ከባድ ነበር፤ ግን በላን። ታናሺቱ ከእጄ ሥጋ ነጠቀችኝ፤ እኔም ተቆጣኋት። ስቆጣ አበበች ሳቀች፤ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ወር ሆነኝ!

ስለ ጠዋቱ ጠይቀውኛል። አልዋሽዎትም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ከብዶኝ ነበር። አንዱን ቀን ደበቅሁ። ሁለተኛውን ነገርኋት። ማሽላ እየፈተገች ነበርና «እሺ፣ እንግዲህ ይምጡና ይሄን ያንገዋሉልኝ» ብላ ሰፌድ ሰጠችኝ። እስከ ቀትር አብረን ተቀመጥን። ሰፌድ ስይዝ ግማሹ እህል መሬት ይወድቃል፤ ዶሮዎቹ ወደውኛል።

የእርስዎን አርባ ቀን ቄስ ሞላ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት አወጡ። ስሙን ሲጠሩ አሁን ማንም ቀና አይልም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ዝም ይላል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዓይኔ ትንሽ ሻል ብሎታል፤ ለጥምቀትም እንድዘምር ቄስ ሞላ ለምነውኛል። በቃሌ አውቀዋለሁ ያልሁትም ውሸት ነው፤ ከመዝሙር መካከል ሁለት ቦታ ጠፍቶብኝ አፈርሁ። እባክዎ እታለም፣ ዳዊቴን በሰዒድ ይስደዱልኝ። መቋሚያዬንም።

ወንድምዎ አስረስ



ጥር 6 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከጣራ ገዳም ግርጌ

አስረስ፣

መቋሚያህን ሰዒድ ይዞልህ መጥቷል፤ ለጥምቀት ቁምበት። ሙላቴንም ካገኘኸው አንድ ጊዜ ጎሸም አድርግልኝ፤ ከዚያ ባርከው።

ዳዊትህን ግን አልሰድም። በሰባት ዓመትህ ሦስት ቀን ያኮረፍኸኝን አልረሳሁም። ከጎጆዬ ማገር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ በየጠዋቱ አየዋለሁ፤ እሱም ባለቤቱን ይጠብቃል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሰዒድም ከአህዮቹ አንዱን አስጭንሃለሁ ብሏል። ዳዊትህን ከፈለግህ ራስህ መጥተህ ውሰድ።

የሞተች እኅትህ በሕይወት እያለች ልታይህ ትፈልጋለች።

ስንቅህን አበበች ትቋጥርልህ። መንገድ ላይ እየበላህ ና።

እኅትህ ውድነሽ